በእኔ ድምፅ የተነበበው አራተኛ ነጥብ

ግንቦት 4፣ ሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

ድምፄ ዛሬም አልተመለሰም። ዝንጅብል፣ ማር፣ ሎሚ፤ ምንም። ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ቆሜ የበሽተኛ ስም ስጠራ የሚወጣው የጫጩት ድምፅ ነው። ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አንድ ሽማግሌ ሦስቴ ጠርቻቸው አልሰሙኝም፤ ወጥቼ እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው። ሲስተር ጫልቱ ከመርፌ ክፍል ብቅ ብላ፣ ቡድንሽ አንድ አግብቶ እንዲህ ከሆንሽ ሁለት ያገባ ቀን ልንቀብርሽ ነው አለች። የባምባሲ ልጅ ምላስ!

1 ለ 0 አሸነፍን እኮ፣ አጀንዳዬ! አንቺ ሜዳ ገብተሽ አታውቂ። ዘንድሮ የምድባችን ጨዋታ በሙሉ እዚሁ አሶሳ ነው። ዝናብ ጀምሯል፣ ሜዳው ጭቃ፣ ሰው ግን ጢም። ያው እኔ ካልጀመርኩ አይጀመርም። "ሥሩ አንድ!" እላለሁ፤ ትሪቡኑ "አገዳው ብዙ!" ብሎ ይመልሳል። ክለባችን ቀርከሃ ነዋ። ቀርከሃ ከላይ ሺህ ሆኖ ከሥር አንድ ነው። ሴት አስጨፋሪ የት ታይቶ ያሉት ሁሉ ዛሬ አፌን አፌን ያያሉ። ሃያ ዓመት ስም የጠራሁበት ጉሮሮ ነው፤ ቀልድ አይደለም።

አንድ ነገር ብቻ ከፋኝ። ታምራት አልነበረም። የአርባ ምንጩ ልጅ፣ የግራ ክንፋችን። የዛሬ ሁለት ሳምንት ሜዳ ላይ ጉልበቱ ሲዞር አይቻለሁ። ተሸክመው ሲያመጡት ተረኛ እኔ ነበርኩ፤ ካርድ ያወጣሁለት እኔ። ነርሷ ከሥሩ ጻፈች፦ ግራ ጉልበት፣ ዛሬ፣ በጨዋታ ላይ። እስካሁን በክራንች ነው። አዲስ አበባ ሄዶ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል ተብሏል። ይሄዳል። አብሽሪ።

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ፣ 11፡30

ከሥራ ወጥቼ ለተጫዋቾቹ ማንጎ ይዤ ወደሚያድሩበት ካምፕ ሄድኩ። ጓሮዬ ያለችው ዛፍ ዘንድሮ ጉድ ነው የሠራችው። በባጃጅ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ። እየዘፈንኩ ነው የገባሁት። ድምፄ መለስ ብሏል።

በረንዳው ላይ ፍራሽ። ፍራሹ ላይ ታምራት። አጠገቡ ሻንጣ፣ ክራንች፣ ታኬታ በፌስታል።

ነፋስ ፈልገህ ነው የወጣኸው? አልኩት። ደብዳቤ ሰጠኝ። ውልህ ተቋርጧል ይላል። የቆየ ጉዳት ደብቆ ነው የፈረመው ይላል። አልጋውን እስከ ማታ እንዲለቅ።

የቆየ! እኔ ካርድ ያወጣሁለትን! እግሩ እንደ ዱባ አብጦ፣ እሙዬ እሙዬ እያለ ሲያለቅስ ክንዴን የያዘኝ ልጅ!

አምበሉ አጣሂር ወጣ። የዚሁ አገር ልጅ ነው፣ የበርታ ብሔረሰብ፤ አባቱ ሱቅ አላቸው። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ስለሆነ እኔንም እንደ ወንድ አንተ ይለኛል፤ ከእሱ አፍ ሲወጣ ያምራል። ቁጣውን በጥርሱ ይዞታል። ለሥራ አስኪያጁ ነግሯል፤ አያገባህም ተብሏል። ማንጎውንም አልነካ።

ታምራትን በዚያው ባጃጅ ቤቴ ይዤው መጣሁ። ሰርቪስ ክፍሏ ባዶ ናት። ባሌ ሰይድ ጉባ ግድቡ ጋ ማሽን ላይ ነው፤ በወር አንዴ ነው የሚመጣ። ደወልኩለት። በይ ራቱን አብዢለት፣ ኳስ ተጫዋች ብዙ ይበላል አለ። የኔ ሸጋ።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ፣ 12 ሰዓት

ልምምድ የለም! ሃያ ሁለቱም እምቢ። እንዴት ያለ እምቢታ መሰለሽ። ማልያ ለብሰው በሰዓታቸው መጡ። ታኬታቸውን አወለቁ። የሜዳው አጋማሽ መስመር ላይ ጥንድ ጥንድ አድርገው ደረደሩት። በባዶ እግር ዳር ላይ ተቀመጡ። ታምራት ወደ ካምፕ ይመለስ፣ ይታከም፤ እስከዚያ አንሮጥም።

ወሬው ከተማውን በባጃጅ አዳረሰ። ከሥራ ስወጣ አጥሩ በደጋፊ ተሞልቷል። እኔም የሥራ ጋዋኔን እንደለበስኩ። ሥሩ አንድ! ብል አጥሩ ሁሉ አገዳው ብዙ! አጣሂር ከሜዳ ሆኖ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ሰውነቴ እንዴት እንደ ነዘረኝ! ኳስ ሳይኖር ጎል እንደ ገባ።

ታምራትን ቤት ሄጄ ነገርኩት። ሳቀ። ከመጣ ጀምሮ የመጀመሪያው።

ግንቦት 8፣ ዓርብ፣ ከሥራ መልስ

አቶ ፈለቀ ጤና ጣቢያ ድረስ መጡ። የደጋፊ ማኅበራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ጨዋ፣ ሁሌ ኮት፣ ሁሌ ፋይል በብብታቸው። ነገ አዳራሽ ስብሰባ አለ። ደጋፊው ድምፁን ያሰማል አሉ። በመጨረሻም የአቋም መግለጫ ይነበባል፤ ያለ አንቺ ማን ያነበዋል ዘይኑ አሉኝ።

እኔ! መድረክ ላይ!

መግለጫው ስለምንድን ነው አልኳቸው። ስለ ክለባችን አንድነት ነዋ፣ ስለምን ይሆናል አሉ። እውነት ነው፤ ስለምን ይሆናል። ጫልቱ ስትሰማ፣ እንግዲህ ሚኒስትር ሆንሽ፣ መርፌ ስወጋ አትጩኺብኝ አለች። ቀዩን ሻሽ አጥቤ አሰጣሁ። ታምራትም ደስ አለው። አንድ ቃል ስለኔ ጣል አድርጊ ማዘር አለኝ። መግለጫው ውስጥ ይኖራል አልኩት። ምን እየቀባጠርኩ ነበር? መች አይቼው!

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ፣ 10 ሰዓት

ገና መመለሴ ነው።

አዳራሹ ጢም ብሏል። መግቢያው ላይ ፈርመን ገባን፤ ውኃና ለውዝ አደሉን። አቶ ፈለቀ ተናገሩ። ሥ/አስኪያጁ ተናገሩ። ረዥም። ክለቡ የሁላችንም ነው፣ ነገ እረፍት ብንሆንም ሊጉ ሊያልቅ አምስት ጨዋታ ነው የቀረው፣ ሁለቴ ፎርፌ ከሰጠን እንባረራለን። ከኋላ አንድ ባጃጅ ነጂ ስለ ታምራት ጠየቀ፤ በቢሮ ደረጃ እየታየ ነው ተባለ። ሰው አጨበጨበ። አጣሂርና ልጆቹ አልተጠሩም ነበር። ያኔ ልብ አላልኩም። ቀይ ሻሼን እያስተካከልኩ ነበራ።

ከዚያ ስሜ ተጠራ። አቶ ፈለቀ ወረቀቷን ደረጃው ላይ ስወጣ ነው የሰጡኝ። ድምፅ ማጉያውን ወደ ጎን ገፋሁት፤ ምን ያደርግልኛል! አራት ነጥብ። አንደኛ ስለ አንድነት። ጭብጨባ። ሁለተኛ ስለ ሰላማዊ ድጋፍ። ጭብጨባ። ሦስተኛ ስለ ሜዳው አጥር። ጭብጨባ። አራተኛው ረዘም ያለ፣ አማርኛው የከበደ፤ አንድ ትንፋሽ አልበቃውም፣ ግን አንድ ቦታ አልተሰናከልኩም! ትልቁ ጭብጨባ ለእሱ ነበር። ሰውም እኮ ለድምፄ ነው ያጨበጨበው። የሬዲዮ ሰዎችም ቀርጸውኛል።

ወረቀቷን ለመታሰቢያ አንቺ ውስጥ አጥፌ አስገባኋት፣ አጀንዳዬ። ደህና አድርገሽ ያዢልኝ።

ታምራት እንዴት ነበር አለኝ። ሙች፣ አዳራሹን አንቀጠቀጥኩት አልኩት። ስለኔስ? አለ። አሰብኩ። ስለ አንድነት ነበር አልኩት። አራተኛው ምን ይል እንደነበር ላስታውስ ብዬ አቃተኝ። በዚህ አፍ ወጥቶ!

ግንቦት 10፣ እሑድ፣ ጠዋት 4 ሰዓት

አሁን። አሁን ሰማሁት።

ታምራት ሬዲዮ ከፍቶ በረንዳ ላይ ካልሲ ያጥባል። እኔ ወጥ ቤት። የእኔ ድምፅ መጣ። ጩኸቴን ሰምቼ እየሳቅሁ ወጣሁ። ታምራት! ስማ ስማ! አልኩት። አብረን ሰማን። አንደኛ። ሁለተኛ። ሦስተኛ።

"አራተኛ፤ ክለቡ ሥራ በማቆም ተግባር የተሳተፉና ያስተባበሩ ተጫዋቾች ላይ የሚወስደውን ማናቸውንም እርምጃ፣ ውል ማቋረጥን ጨምሮ፣ እኛ ደጋፊዎች ከጎኑ ቆመን እንደግፋለን!"

ጭብጨባው ማብቂያ የለው።

ታምራት ካልሲውን ጨመቀ። ገመዱ ላይ አሰጣው። ክራንቹን አነሳ። ገባ። በሩን ቀስ ብሎ ነው የዘጋው። ቢወረውረው ይሻለኝ ነበር።

ግንቦት 10፣ ያው ቀን፣ 9 ሰዓት

ታምራት ምሳ አልበላም። በሩ ላይ ቆሜ፣ አላወቅሁም ወላሂ አልኩት። ከውስጥ፣ እሺ ማዘር አለ። እሺ ብቻ።

ወረቀቷን ከአንቺ ውስጥ አውጥቼ አየኋት። አለ። በጥቁር ቀለም። ውል ማቋረጥን ጨምሮ። እንዴት አላየሁትም? ዓይኔ አይቶታል፤ አፌ ብሎታል። ጆሮዬ የት ነበር? ሃያ ዓመት የሰው ስም ስጠራ የሰውየውን በሽታ አልሰማም። ከድር ሁሴን እላለሁ፣ ቀጣይ እላለሁ። እንደዚያው ነው ያነበብኩት። ለድምፁ።

ዝናብ። ማንጎ ከዛፉ ይወድቃል። ማንም አያነሳውም።

ግንቦት 11፣ ሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

አምስት ደብዳቤ ወጣ። አጣሂርን ጨምሮ አምስት ልጆች ተባረሩ። ደብዳቤው፣ ደጋፊው ባወጣው የአቋም መግለጫ በግልጽ እንደ ጠየቀው ይላል። ደጋፊው። እኔ ማለት ነው። የቀሩት ልጆች ፈርተው ልምምድ ተመልሰዋል ይላሉ፤ ግማሾቹ ግን ሻንጣ እየያዙ ነው። ለእሑድ ታዳጊዎቹ፣ ተስፋ ቡድኑ፣ ሊሰለፉ ነው።

ይሄን የነገረኝ ራሱ አጣሂር ነው። ካርድ ክፍል መጣ። ወረፋ ይዞ፣ ተራውን ጠብቆ! መስኮቱ ላይ ሲደርስ፣ ምንህን አመመህ ልጄ አልኩት፤ ሌላ ምን ልበል።

"ማዘር፣ ራዲዮ ውስጥ ያለ አንተ ነው?"

እኔ ነኝ አልኩ።

"አባቴ ነው የሰማ። 'ይሄ ዘይነባ ነው፣ ዘይነባ ካለ ሀቅ ነው' አለ። እኔ ምን ልበል አባቴን?"

ኋላ ያለች እናት ልጇ እያለቀሰባት፣ ቶሎ በሉ እንጂ አለች። አጣሂር ይቅርታ ጠይቋት ወጣ። ቀጣይ ማለት አቃተኝ። ጫልቱ መጥታ የቀጣዩን ስም ጠራችልኝ። ዛሬ አልቀለደችም። እሷ ሳትቀልድ ስታዪ ታውቂዋለሽ፣ ነገሩ ከባድ ነው።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ፣ 12 ሰዓት

አቶ ፈለቀ ጋ ሄድኩ። መግለጫውን ያርሙልኝ አልኩ። ደጋፊው እንዲህ አላለም፤ አጥሩ ላይ የዘፈነው ለልጆቹ ነው።

ቁጭ በይ አሉኝ። ሻይ አዘዙ። አልተቆጡም፤ እሱ ነው የገደለኝ። የስም ዝርዝሩን አሳዩኝ። ሦስት ገጽ ፊርማ። መጀመሪያ ላይ የእኔ። ይሄ ለመግቢያ ነው፣ ለውኃና ለለውዝ ነው አልኳቸው። "የተሰብሳቢ ፊርማ ነው ዘይኑ። ተሰብስበሻል፣ ፈርመሻል፣ አንብበሻል፣ አጨብጭበሻል። ከዚህ በላይ አቋም የት አለ?"

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። እኔም ታምራትን እወደዋለሁ አሉ። ግን ክለቡን የያዙት ሰዎች ምክንያት እየፈለጉ ነው፤ አንድ ክርክር፣ አንድ ፎርፌ፣ ያፈርሱታል። ከዚህ በፊት የነበረው ቡድን ሲፈርስ ስንት ዓመት እሑድ እሑድ ግድግዳ እንዳየን ረሳሽው ወይ?

አልረሳሁም። ልጅ አልወለድኩም አጀንዳዬ፤ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ስንቴ ጽፌብሻለሁ። ሰይድ ጉባ ነው። እሑድ ማለት ለእኔ ያ ሜዳ ነው። አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ የትም ቦታ ስገባ ሰው እሰይ መጣች ያለኝ እዚያ ብቻ ነው።

እሑድ ነይና ለሕፃኖቹ ዝፈኚላቸው አሉኝ፤ ሕፃን የሚሉት የተስፋ ቡድኑን ነው። አዲስ ድምፅ ማጉያ ገዝተናል፣ ነጭ፣ ላንቺ። ሻዩን ጠጥቼ ወጣሁ። እሺም እምቢም አላልኩም።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ፣ ጠዋት

ታምራት አልሄደም። መሄድ ቢችል ይሄድ ነበር። ጠዋት እንደምን አደርክ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ማታ ራት፣ አመሰግናለሁ። እንደ ሆቴል። ማዘር ማለቱን ትቶ እትዬ ማለት ጀምሯል። እትዬ ክፉ ቃል አይደለም። ግን አቃጠለኝ።

ለሰይድ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት፣ እያለቀስኩ። ሰው እንዳትሰሚ፣ ራስሽን ጠይቂ፣ ያለሽውን ያለው አፍሽ ነው፣ የሚመልሰውም እሱ ነው አለ። ደሞ፣ አረፋ ላይ እመጣለሁ፣ በግ እንዳትገዢ እኔ ይዤ እመጣለሁ አለ። ይሄን ያህል ነው። ስልኩ ተቋረጠ፤ ኔትወርክ።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ፣ 11 ሰዓት

አጣሂር ባጃጅ ተራው ጋ ደጋፊውን ሰበሰበ። አልተጠራሁም፤ ግን ሄድኩ። ከኋላ ቆምኩ። ከሜዳው አትቅሩ አለ፤ ተስፋ ቡድን ልጆች ምንም ጥፋት የላቸውም፣ ባዶ ሜዳ ካዩ ያለቅሳሉ። ኑ። ግን አትዝፈኑ። ዝም በሉ። ዝም ብሎ ሰው ሲበዛ ሥ/አስኪያጁ ይሰማል።

አንዱ፣ አስጨፋሪዋስ? አለ። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ። ሌላው፣ እሷ ወረቀት ከሰጧት ታነባለች አለ። ሳቁ። አጣሂር አልሳቀም። መሬት መሬት አየ።

ወሎ ሳለን፣ ገና ወደዚህ ሳንሰፍር፣ እናቴ የተናገረችው ትዝ አለኝ፤ ይቺ ልጅ አፏ ቀድሞ ነው የተወለደው ትል ነበር። እሰይ እናቴ። አወቅሽው።

ግንቦት 17፣ እሑድ፣ ከጨዋታ መልስ

ሄድኩ። ያለ ከበሮ። ቀይ ሻሽ የለ። ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ።

አቶ ፈለቀ ነጩን ድምፅ ማጉያ አምጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡት። ልጆቹ ወጡ። ማልያው ሰፍቷቸዋል፤ የአጣሂርን ቁጥር የለበሰው እጅጌውን ጠቅልሎታል። ወደ እኛ ዞረው እጃቸውን አነሱ፤ እንድንጀምርላቸው። አጀንዳዬ፣ ጉሮሮዬ ውስጥ ነበረች። ሥሩ አንድ። ምላሴ ላይ ነበረች። ትሪቡኑ በሙሉ አፌን ያያል። ግማሹ ጀምሪ ይላል በዓይኑ፣ ግማሹ እንዳትጀምሪ።

አልጀመርኩም።

እንዲህ ያለ ዝምታ በሕይወቴ አልሰማሁም። ኳሱ ሲመታ ይሰማል። ጭቃው ይሰማል። የዳኛው ትንፋሽ ሳይቀር። ዝናብ ቆርቆሮው ላይ። አንድ ሰው ከታች፣ "ማዘር፣ ባትሪ አለቀ እንዴ?" አለ። ማንም አልሳቀም።

0 ለ 3። የልጆቹ ግብ ጠባቂ ሦስተኛው ሲገባበት ጭቃው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ስወጣ አንዲት ሴት፣ ከሰፈራው መንደር፣ ከአምባ የመጣች፣ ሁሌ አጠገቤ የምትጨፍር፣ ትከሻዬን ገፋችኝ። "ባለፈው ተናግረሽ ገደልሽን፣ ዛሬ ዝም ብለሽ ገደልሽን!" እውነቷን ነው። ሁለቱም እውነት ነው።

ድምፅ ማጉያውን ወንበሩ ላይ ትቼው መጣሁ። ቤት ስደርስ ታምራት በረንዳ ላይ ነበር። አልዘፈናችሁም አይደል አለኝ። አልዘፈንንም አልኩት። የልጁ እንባ አልሄደልኝም ከዓይኔ። ነገርኩት። ሁለታችን ዝናቡን ስናይ ቆየን።

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ፣ 11 ሰዓት

የተባረሩት ልጆች ክለቡን ከሰዋል፤ የፍርድ ቤቱ ክርክር ሐሙስ ነው፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት። አጣሂርና ሌሎቹ፣ ታምራትም አብሮ። ታምራት የካርዱን ግልባጭ ራሱ ጠይቆ ወስዷል፤ የጉልበቱ ነገር በእሱ ይታያል። የቀረው መግለጫው ነው። ክለቡ እሱን ጋሻ አድርጎ ይዟል፤ ያባረርኩት ሕዝብ ጠይቆኝ ነው ይላል።

ዛሬ አቶ ፈለቀ ቤት መጡ። ዳቦ ይዘው። ዳቦ! ጨዋታ ጀመሩ፣ የሰይድን ጤና ጠየቁ፣ የማንጎዋን ዛፍ አደነቁ። ከዚያ፦ ያቺ ያነበብሽባት ወረቀት አለች ወይ? ለፋይል ነው።

ለምን፣ ፋይል ውስጥ የለም ወይ አልኩ። አለ፣ ግን ዋናዋ ትሻላለች አሉ።

ልቤ አንድ ነገር አለኝ። ፈልጌ አመጣለሁ አልኳቸው። ዓይኔን አየት አደረጉ። ፈልጊ፣ ነገ ማታ እመጣለሁ። በሩ ላይ ቆመው ደግሞ፣ ክለቡ ሐሙስ ከተረታ እሑድ የለም ዘይኑ፣ ያን ጊዜ ማን አፈረሰው ሲባል ስም ይጠራል አሉ። ስም ይጠራል። ለእኔ!

እንደ ወጡ አንቺን ገለጥኩ። ወረቀቷ አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ እስከ ታች፣ ቀስ ብዬ፣ እንደ ተማሪ አነበብኳት። አራቱን ነጥብ አይደለም። ታች። ጥግ ላይ። ቀን።

ግንቦት 7። ሐሙስ።

ስብሰባው ቅዳሜ ነው፣ ግንቦት 9። እኛ አዳራሽ ሳንገባ፣ ውኃና ለውዙ ሳይታደል፣ አንድ ሰው እጁን ሳያወጣ፣ አቋማችን በሐሙስ ተተይቦ አልቆ ነበር። ሁሌም እንዲህ ነው መሰለኝ የሚደረገው፤ በየስብሰባው መጨረሻ የሚነበበው ሁሉ ማን መቼ እንደ ጻፈው ጠይቄ አላውቅም። አጨብጭቤ ነው የምወጣው። ሁላችንም።

ግንቦት 20፣ ረቡዕ፣ ምሳ ሰዓት

ጫልቱን አማከርኳት። መርፌዋን አስቀምጣ ሰማችኝ። "ኢሺ፣ ወረቀቷን ብትሰጪያቸው ክለቡ ይተርፋል?" አለች። አላውቅም አልኩ። "ፍርድ ቤት ብትወስጃትስ ይፈርሳል?" አላውቅም። "ታዲያ ስለማታውቂው ምን ያስጨንቅሻል፤ የምታውቂው ስንት ነው?"

የማውቀው ቀኑን ነው። የማውቀው ደረጃ ላይ ስወጣ እንደ ተሰጠችኝ ነው። የማውቀው የታምራትን ጉልበት ነው።

ክለቡ ይፈርሳል ብዬ ግን እፈራለሁ። ውሸት አልጽፍብሽም። ባዶ ሜዳ በሕልሜ መጣ። አጥሩ ላይ ፍየል ታስራለች። እኔ ሥሩ አንድ እላለሁ፤ ፍየሏ ነች የምትመልሰው። ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ እንባዬ። እንደዚህ ሆኛለሁ።

ግንቦት 20፣ ያው ቀን፣ 12 ሰዓት

አቶ ፈለቀ መጡ። በር ላይ። አላገኘኋትም ልል ነበር፤ አፌ ሊል ተዘጋጅቶ ነበር። ዞር ስል ታምራት በረንዳው ላይ በክራንች ቆሟል።

አለች፣ ግን አልሰጥዎትም አልኳቸው።

ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተሳደቡም። ጨዋ ናቸው አልኩሽ። ከነገ ጀምሮ አስጨፋሪነቱን ለሌላ ሰው እንሰጣለን፣ ከበሮው የማኅበሩ ንብረት ነው አሉ። ከበሮውን ከምድጃው ቤት አውጥቼ ሰጠኋቸው። ቆዳውን ባለፈው ወር ነው ያስለወጥኩት። በባጃጅ ጭነውት ሲሄዱ ጎርበጥባጣው መንገድ ላይ ብቻውን ድም ድም ይላል። እስከ ማዞሪያው ሰማሁት።

ተቀምጬ ጻፍኩ። በራሴ እጅ፣ በአጭሩ። ከዚያ ለታምራት አነበብኩለት፤ ሳልጮህ፣ እየሰማሁ። እኔ ዘይነባ፣ መግለጫውን ያነበብኩ፤ ጽሑፉን ያየሁት መድረክ ላይ ነው። ቀኑ ከስብሰባው በፊት ነው። ደጋፊው አልተጠየቀም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ጥፋቴ እሱ ነው።

የመጨረሻዋን መስመር አውጪያት አለኝ ታምራት። ለምን አልኩ። ይጠቀሙባታል አለ።

ትኑር አልኩት። እሷን ነው ከሁሉ በፊት የጻፍኩ።

"እንደ ፈቀድሽ፣ ማዘር" አለኝ።

ግንቦት 21፣ ሐሙስ፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ዝናቡ አባርቷል። ጭቃ። ፈቃድ ወስጃለሁ፤ ካርድ ክፍል ጫልቱ ትጠራልኛለች። አጣሂር ባጃጅ ይዞ ሊመጣ ነው፣ አባቱም አብረው። አባቱን ምን ዓይኔ ያያቸዋል። ታምራት ታጥቦ፣ ሸሚዝ ለብሶ፣ በረንዳው ላይ ማንጎ እየላጠ ነው። ለሁለት እየቆረጠ ነው።

ቀይ ሻሹን አላደርግም። ነጩን።

ቁርጥ ሆኗል፣ አጀንዳዬ። ወረቀቷን ከአንቺ ውስጥ አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ፤ የነበረችበት ቦታ መስመር አውጥቷል። እሑድ ይኑር አይኑር አላውቅም። ብቻ ሦስት ሰዓት ላይ አንዱ ጸሐፊ በር ላይ ወጥቶ የምስክር ስም ይጠራል፤ ምናልባት ድምፁ ደካማ ይሆናል፣ ብዙዎቹ አይችሉበትም። ሃያ ዓመት ስጠራ ኖሬ ዛሬ ስሟ የሚጠራው እኔ ነኝ። አንዴ ከጠራኝ ይበቃዋል። አቤት እላለሁ።

ባጃጁ መጣ